ባሌ «ገጠር እንግባ» ይላል፤ እኔ መኪና አልነዳም

«ሰላም እትዬ። ዓምድዎን አገር ቤት እያለሁ ጀምሮ አነባለሁ። አሜሪካ ከመጣሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። የምንኖረው ኢሊኖይ፣ ኧርባና ነው። ባለቤቴ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲውን እየሠራ ነው፤ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። እኔ በኤፍ-2፣ በተማሪ የትዳር ጓደኛ ቪዛ ነው የመጣሁት። አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እዚህ ግን መሥራት አይፈቀድልኝም። የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን።

ያለንበት ቤት አንድ መኝታ ነው። ከላያችን ተማሪዎች ናቸው፤ ዓርብ ማታ እንቅልፍ የለም። ባለቤቴ ቶሎኖ በምትባል መንደር ቤት አግኝቷል። ሁለት መኝታ አለው፣ ግቢ አለው፣ አሁን ከምንከፍለው በ280 ዶላር ያንሳል። እሱ በጣም ወዶታል፤ "ልጅቷ ሣር ላይ ትሩጥ" ይላል። አንድ ቀን ሄጄ አየሁት። ቤቱ ጥሩ ነው። ዙሪያው ግን በቆሎ ነው። መንገድ ላይ በእግሩ የሚሄድ አንድ ሰው አላየሁም። እኔ መኪና አልነዳም። ያለችን መኪና አንድ ናት። አሁን ካምፓስ በአውቶቡስ ነው የሚሄደው፤ ቶሎኖ ከገባን መኪናዋን እሱ ይዟት ይወጣል። እዚህ ቢያንስ አውቶቡስ አለ፣ ላይብረሪ አለ፣ ቡና አብረውኝ የሚጠጡ ሦስት የሐበሻ ሴቶች አሉ። አልፈልግም ስለው "ከተሜነትሽ ነው" አለኝ። አማቴም በስልክ "ባልሽ የሄደበት ሂጂ" አሉኝ። እውነት ቅብጥ ሆኜ ነው? እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጡ ተብለናል።

ባለ አንድ መኪና፣ ከኧርባና»

የኔ እህት፣

ቅብጥ አይደለሽም። ይኼን ልበልና ወደ ነገሩ ልግባ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለሥራዬ፣ አንዴ ለናፍቆቴ። እኔም እዚያው ኖሬያለሁ። አራት ዓመት ኧርባና፣ ሁለት ዓመት እዚያው አጠገብ ሳቮይ። እንደ አንቺው የተማሪ ሚስት ነበርኩ፤ መንዳትም አልችልም ነበር። ስለዚህ የምነግርሽ ካርታ አይቼ አይደለም።

ከፊርማሽ ልጀምር። «ባለ አንድ መኪና» ብለሻል። መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። አንቺና ባለቤትሽ ከተማና ገጠር እያላችሁ ትከራከራላችሁ እንጂ የተያዘው ጉዳይ የመኪና ቁልፍ ነው።

ከቶሎኖ እስከ ካምፓስ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ብትሆኚ በሁለት ታክሲ ያልቃል። እዚያ ግን ታክሲ የለም፣ ባጃጅ የለም፣ «ወራጅ አለ» የሚል የለም። ኧርባናንና ከጎኗ ያለችውን ከተማ ሻምፔይንን የሚዞረው የኤምቲዲ አውቶቡስ ወደ ደቡብ ሳቮይ ድረስ ይሄዳል። ቶሎኖ አይደርስም። ካውንቲው፣ የወረዳው አስተዳደር ማለት ነው፣ ለገጠሩ ሰው በቀጠሮ የሚልካት ትንሽ አውቶቡስ አለችው። አስቀድመሽ ትደውያለሽ፣ ያውም በሥራ ቀን። ለታወቀ የሐኪም ቀጠሮ ትሆናለች። ልጅሽን ሌሊት ትኩሳት ቢይዛት ግን የምትደርስልሽ እሷ አይደለችም።

አንዲት ወዳጄ እንዲህ ያለ መንደር ገባች። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ዘመዶቿ ያነቡኛል። ቤቱ ሰፊ፣ ኪራዩ ርካሽ። ባሏ ጠዋት መኪናውን ይዞ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። እሷና ልጇ መስኮት ላይ ናቸው። መንደሩን የጭነት ባቡር ሰንጥቆት ያልፋል። ልጁ ፉርጎ መቁጠር ጀመረ። መጀመሪያ እስከ ሃያ፣ ከዚያ እስከ ሃምሳ። አንድ ቀን ደውላ «ዛሬ መቶ አሥራ ሁለት ቆጠርን» አለችኝ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ልጁ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር።

በስምንተኛው ወር መንጃ ፈቃድ አወጣች፣ አንዲት አሮጌ ቶዮታ ገዙ። ቤቱ ያው፣ መንደሩ ያው፣ ባቡሩም ያው። ሴትዮዋ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት እዚያው ኖረች። ስትለቅ እያለቀሰች ነው የለቀቀችው፤ ጎረቤቶቿም እንደዚያው።

እንግዲህ ፍርዴ ይኸው። መንጃ ፈቃድ ሳይኖርሽ ቶሎኖ አትግቢ። ፈቃዱን ካወጣሽ፣ ሁለተኛ መኪና ከተገኘ ግቢ። ልትወጂው ሁሉ ትችያለሽ። የወሩ መጨረሻ ቢያልፍ ይለፍ፤ ቤት መቼም አይጠፋም።

አሁን «ገጠር» ስለምትሉት ነገር። ኢሊኖይ ውስጥ ቪሌጅ ማለት የአስተዳደር ስም ነው። የራሱ ምክር ቤት አለው፣ ከንቲባ በማለት ፈንታ ፕሬዝዳንት ይመርጣል። ሳቮይን ውሰጂ። ስሟ መንደር ነው፤ ዎልማርት አላት፣ ሲኒማ ቤት አላት፣ የዩኒቨርሲቲው አውሮፕላን ማረፊያ እዚያው ነው። ወደ 9 ሺህ ሰው ይኖርባታል። ከሻምፔይን ጋር ገጥማ ስለተሠራች የት ላይ እንደምትጀምር ሳታውቂው ትገቢባታለሽ። ቶሎኖ ከዚያ ታንሳለች፣ ከ4 ሺህ ሰው በታች ናት። ሁለት የባቡር ሐዲዶች ይገናኙባታል። ሊንከን በ1861 ሥልጣኑን ሊረከብ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ባቡሩ እዚያ ቆሞ ለሕዝቡ ሁለት ሦስት ቃል ተናግሯል፤ የመንደሩ ሰው ዛሬም ይኮራበታል። መብራት፣ ውሃ፣ ኢንተርኔት፣ ላይብረሪ፣ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም አለ። ባለቤትሽ «ምን ጎደለው?» ቢል አይፈረድበትም። ለሚነዳ ሰው ምንም አይጎድለውም።

ከተማዋም ብትሆን በቆሎ ናት፣ የኔ እህት። መሀል ካምፓሱ ላይ ከ1876 ጀምሮ በቆሎ የሚዘራበት የምርምር ማሳ አለ፤ ሞሮው ፕሎትስ ይሉታል። በአሜሪካ ካሉት ሁሉ የቆየው እሱ ነው። ከጎኑ በ1960ዎቹ ላይብረሪ ሊሠሩ ሲነሡ ጥላው በቆሎው ላይ እንዳያርፍ ብለው ሕንፃውን ከመሬት በታች ቀበሩት። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ልጅሽን ይዘሽ ሂጂና አሳያት፣ ከቤትሽ ሩቅ አይደለም። ለበቆሎ ላይብረሪ የሚቀብር ሕዝብ መሀል ተቀምጠሽ «ከተሜ ነሽ» መባልሽ ግን አስቆኛል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። 280 ዶላር ለተማሪ ቤት ቀላል አይደለም፣ አልንቀውም። ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ፣ በወር 600 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለቤንዚን 40 ዶላር እንበል። ካምፓስ ፓርኪንግ በነጻ አይገኝም፤ የዓመቱ ፈቃድ ብዙ መቶ ዶላር ነው። አሁን በተማሪ መታወቂያው አውቶቡስ በነጻ ይሳፈራል፤ አንቺም ብትሆኚ 1 ዶላር ከፍለሽ ትሄጃለሽ። ከዚያ ማሞቂያው አለ። የመንደር ቤቶች ብዙዎቹ አሮጌ ናቸው፣ ንፋሱም ከካናዳ ተነሥቶ እዚያ ሜዳ እስኪደርስ የሚያግደው ተራራ የለም። አፓርታማ ውስጥ ከላይም ከጎንም ያለው ጎረቤት ያሞቅሻል። ብቻውን የቆመ ቤት በአራት በኩል ይበርደዋል። አከራዩን ያለፈውን የጃንዋሪና የፌብሩዋሪ የጋዝ ቢል እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ካንገራገረ መልሱን አገኛችሁ። ሣሩን ማን ያጭዳል? በረዶውን ማን ይጠርጋል? ይኼን ሁሉ ስትደምሩ ከ280ው የሚተርፈውን እዩት። ሁለተኛ መኪናና ኢንሹራንስ ከተጨመረበት የሚተርፍ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ባለቤትሽ ቁጥር የሚወድ ሰው ነው፣ ፒኤችዲ የሚማር ሰው መቼም። ከእንባሽ ይልቅ በቁጥር አሳይው።

ሌላም መንገድ አለ። እሱ የፈለገው ሣር ነው፣ አንቺ የፈለግሽው አውቶቡስ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ አለ። ኧርባና ውስጥ ኦርቻርድ ዳውንስ የሚባል ዩኒቨርሲቲው ለባለ ትዳርና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚያከራየው ሰፈር አለ። ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች ናቸው፣ መሀላቸው ሜዳ ነው፣ ጎመንና ቲማቲም የምትተክይበት ቁራሽ መሬትም ይገኛል። ከየአገሩ የመጡ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ውጪ ይቀመጣሉ። ቻይናዊቷም ኮሪያዊቷም ናይጄሪያዊቷም እንደ አንቺው ሥራ የላቸውም፣ እንደ አንቺው ሰው ይፈልጋሉ። ወረፋ ሊኖረው ይችላል፤ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ሳቮይ ነው። እንደ ቶሎኖ ባይረክስም የዓርብ ማታ ጭፈራ የለም፣ አውቶቡስም አለ። እኔ ሳቮይ ሳለሁ መንዳት ሳልችል ስምንት ወር ኖሬያለሁ። ክረምቱ ቢከብደኝም አልታፈንኩም።

ከመፈረማችሁ በፊት አሁን ያላችሁበትን ቤት ውልም አውጥታችሁ አንብቡ። ካምፓስ አካባቢ ውል ኦገስት ተጀምሮ ኦገስት ነው የሚያልቀው። መሀል ላይ ብትለቁ፣ የሚተካችሁ ሰው እስኪገኝ ሁለት ኪራይ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ኦገስት ላይ ስትወጡ ደግሞ መንገድ ዳር የተጣለ ሶፋ አይታችሁ እንዳትቋምጡ። እኔ ቋምጬ ትኋን ይዤ ገብቻለሁ።

አሁን ትንሽ የማይጥምሽ ነገር ልንገርሽ። ቡና የምትጠጪያቸው ሦስቱ ሴቶች ስንት ዓመት ይቆያሉ? የዩኒቨርሲቲ ከተማ አውቶቡስ ተራ ማለት ነው። እኔ ስደርስ ከተቀበሉኝ አምስት ቤተሰቦች በሁለተኛው ዓመት የቀረችው አንዷ ናት። አንዱ ሥራ አግኝቶ ቴክሳስ፣ አንዱ ወደ አገሩ፣ አንዱ ለሌላ ትምህርት። በየሜይ ወሩ ጋዋን ለብሰው ፎቶ ይነሣሉ፣ በጁን ዕቃቸውን ይጭናሉ፣ አንቺ ትቀሪያለሽ። መንደር ግን እንደዚያ አይደለም። ሰዉ አያቱ የተቀበረበት ቦታ ነው የሚኖረው። ለመቅረብ ይቆያል፣ ከቀረበ ግን ኦገስት ሲመጣ አይጠፋብሽም። ስለዚህ «ጓደኞቼ እዚህ ናቸው» የሚለውን ምክንያትሽን በጣም አትመኪበት። የአውቶቡሱ ምክንያት ይበልጣል።

መንደሩን ሳስበው አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በጠባቡ የገጠር መንገድ መኪና ሲመጣብሽ ሹፌሩ አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ ያነሳል። አንድ ጣት ብቻ። መጀመሪያ ሳየው ምን ሊለኝ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። ለካ ሰላምታ ነው። ባያውቁሽም ያነሱልሻል። በሌላ በኩል ሱቅ ስትገቢ የሚያፈጥብሽም አይጠፋም። አብዛኛው ሰው ነጭ ነው፣ እንደ አንቺ ያለ ፊት ብዙ አላየም። «ከየት ነሽ?» ይሉሻል፣ ኢትዮጵያ ስትያቸው ከረሃብ ዘመን ሌላ የሚያውቁት ነገር ላይኖር ይችላል። አልፎ አልፎ የሚከብድ ቀን ይኖራል፤ የለም ብዬ አልዋሽሽም። ወዳጄ ግን አንድ ዘዴ ነበራት። ድፎ ዳቦ ጋግራ ለግራና ለቀኝ ጎረቤት ወሰደች። ወጥ ብትወስድ በርበሬው ያስደነግጣቸዋል፤ ዳቦ የማይገባው ሕዝብ የለም። በሳምንቱ የግራዋ ጎረቤት ሳህኑን ስትመልስ ባዶውን አልመለሰችውም፣ በቲማቲም ሞልታ ነው። እዚህ ላይ ከእኛ ሰው በምን ይለያሉ?

ወደ ቪዛሽ ልምጣ፤ ይኼን ብዙ ሴቶች ይሳሳቱበታል። ኤፍ-2 ላይ ሆነሽ ገንዘብ የሚከፈልበት ሥራ አይፈቀድልሽም። «በካሽ ነው፣ ማን ያውቃል?» የሚል አይጠፋም። ልጅ ጠብቆ መቀበልም፣ እንጀራ ጋግሮ መሸጥም ሥራ ነው። የባልሽን ትምህርትና የራስሽን የወደፊት ወረቀት በ50 ዶላር አትለውጪው። የሚፈቀድልሽ ነገር ግን አለ። የበጎ ፈቃድ ሥራ ትሠሪያለሽ። ሙሉ ጊዜ ሳይሆን በከፊል ጊዜ ደግሞ መማር ትችያለሽ። ሻምፔይን ውስጥ ፓርክላንድ የሚባል ኮሌጅ አለ፤ አውቶቡስ በሩ ድረስ ይወስድሻል። ባንክ ሰባት ዓመት የሠራ ሰው አንድ የአካውንቲንግ ኮርስ ቢጀምር ከምንም የጀመረ አይደለም። ነገ በራስሽ ስም ተቀብለውሽ ወደ ኤፍ-1፣ ወደ ተማሪ ቪዛ ልትቀይሪም ትችያለሽ። የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቂ፣ ለዚህ ነው ደሞዝ የሚከፈላቸው። ይኼንንም ስታስቢ ቶሎኖና አውቶቡሱን እንደገና አስቢያቸው።

ኧርባና ፍሪ ላይብረሪ ገብተሽ ታውቂያለሽ ብዬ ገምቻለሁ። ከ1874 ጀምሮ ያለ ነው። ለልጆች ተረት የሚነበብበትን ሰዓት ጠይቂና ልጅሽን አታስቀሪባት። ከሜይ እስከ ኦክቶበር በየቅዳሜው ጠዋት ሊንከን ስኩዌር ጋ ገበያ ይቆማል። አትክልት ባትገዢም ሂጂ። የገበሬዎቹን እጅ ስታዪ አገርሽ ትዝ ይልሻል።

የመንደሩ ቤት ከተመረጠ ግን ሳትፈርሙ የምታዩዋቸው ነገሮች አሉ። ምድር ቤት አለው ወይ? ያ አካባቢ ድሮ ረግረግ ነበር፤ ከሥሩ ቱቦ ተቀብሮ ነው የደረቀው። ጥቁር አፈሩ የአድአን መረሬ ያስንቃል፣ ውሃ ግን ይወዳል። ምድር ቤቱ ውስጥ ውሃ የሚመጥ ፓምፕ መኖሩንና መሥራቱን ጠይቁ። ግድግዳውን አሽትቱት፣ ሻጋታ አይደበቅም። ምድር ቤት የሚያስፈልገው ለቶርኔዶም ነው። በኖቬምበር 2013 እዚያው ካውንቲ ጊፎርድ የምትባል መንደር ላይ እሁድ ቀን መጥቶ ብዙ ቤት አፍርሷል። የማስጠንቀቂያ ሳይረኑ በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ጠዋት በ10 ሰዓት ይሞከራል። በእኛ 4 ሰዓት መሆኑ ነው። እኔ ይኼን የነገረኝ አልነበረም። በመጀመሪያው ማክሰኞዬ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ጩኸቱን ስሰማ ልጄን ታቅፌ ቢላዋውን እንደያዝኩ ደረጃ ሥር ገባሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል «በስመ አብ» ስል ቆይቼ ብቅ ብል ጎረቤቴ ውሻዋን ታንሸራሽራለች።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፣ ይኼኛው ቀልድ የለውም። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። አከራዩ የሚያውቀውን በጽሑፍ እንዲነግራችሁ የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። የሦስት ዓመት ልጅ የተላጠ ቀለም አፏ ውስጥ ታስገባለች። መስኮቶቹን በደንብ እዩአቸው።

ኦክቶበር ላይ ደግሞ አቧራው አለ። ኮምባይነሩ ሌሊት ሁሉ መብራቱን አብርቶ ያጭዳል፣ ጠዋት መስኮትሽ ላይ የበቆሎ ገለባ ታገኛለሽ። አስም ያለበት ቤተሰብ ካለ ይታሰብበት። ለዓይን ግን ደስ ይላል፤ ከሩቅ ሲታይ ጨለማ ውስጥ መርከብ የሚሄድ ይመስላል።

ባለቤትሽን በሚመለከት። ደብዳቤሽን እንዳየሁት መጥፎ ሰው አይመስለኝም። ቀኑን ሙሉ ካምፓስ ውስጥ ሰው አይቶ፣ ሰው ሰልችቶት ነው የሚመጣው። እሱ ጸጥታ ይመኛል። አንቺ ቀኑን ሙሉ ጸጥታ ውስጥ ነሽ። ይኼን እንዲያውቀው አንድ ነገር ለምኚው። አንድ ቅዳሜ ቶሎኖ ይውሰዳችሁ። አንቺን፣ ልጅቷንና የምሳ ዕቃችሁን ይተው፣ መኪናውን ይዞ ይመለስ፣ ማታ ይምጣ። ወይም ይቀያየር፤ እሱ ከልጅቷ ጋር እዚያ ያለ መኪና ይዋል፣ አንቺ ከሴቶቹ ጋር ቡናሽን ጠጪ። ሁለተኛውን እኔ እመርጣለሁ።

አማትሽን አክብሪያቸው። «እሺ እማማ፣ ጸልዩልን» በያቸውና ስልኩን ዝጊ። እሳቸው «ባልሽ የሄደበት ሂጂ» ሲሉ የሚታያቸው በእግር የሚኬድበት፣ ጎረቤት በሩን ከፍቶ «ቡና ፈልቷል» የሚልበት መንደር ነው። ቶሎኖን አላዩትም፣ አይፈረድባቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። መንጃ ፈቃድ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ስለሌለሽ አይከለክሉሽም፤ ኢሊኖይ ላንቺ ዓይነቱም ሰው ፈቃድ ይሰጣል። ፓስፖርትሽን፣ የቪዛ ወረቀቶችሽንና አድራሻሽን የሚያሳይ ነገር ይዘሽ ትሄጃለሽ። ምን ምን እንደሚቀበሉ አስቀድመሽ አረጋግጪ፤ እኔን አንድ ወረቀት ጎደለ ብለው ሁለት ጊዜ መልሰውኛል። መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና አለ፤ ከ35 ጥያቄ 28 ማግኘት ነው። መጽሐፉ በነጻ ይገኛል፣ ልጅቷ ስትተኛ ታነቢዋለሽ። ከዚያ የመለማመጃ ፈቃድ ይሰጥሽና ፈቃድ ካለው ሰው ጋር ትነጃለሽ።

ባልሽ ግን አያስተምርሽ። እባክሽ። ትዳር ያለው ሰው ሁሉ ይኼን ያውቃል፤ የኔ ባል እስከዛሬ «ፍሬን!» ሲል በሕልሜ ይመጣል። ጥቂት ሰዓት ከመንጃ ትምህርት ቤት ግዢ። ካልሆነ ከሦስቱ ሴቶች ትዕግሥት ያላትን ምረጪ። እሁድ ጠዋት የስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ ባዶ ነው፣ እግር ኳሳቸው ከሌለ። እዚያ ዙሪ፣ ወደኋላ ሂጂ፣ አጥፊው፣ አስነሺው። በሁለት ወር ትደርሻለሽ። በረዶ ሳይጥል ብትጀምሪ ይሻላል።

የመንገዱ ፈተና ላይ ዳገት ላይ ማቆምና ቁልቁለት ላይ ማቆም ይጠይቁሻል። ሻምፔይን ውስጥ ዳገት የሚባል ነገር የለም። ከአድማስ እስከ አድማስ ሜዳ ነው። እኔን የፈተነኝ ሽማግሌ አንድ ጠፍጣፋ መንገድ ዳር አስቆመኝና ኮስተር ብሎ «ይኼ ዳገት ነው እንበል» አለኝ። እንጦጦን አሰብኩና ሳቄ መጣ። አንቺ እንዳትስቂ። «ዳገት» ካለሽ ጎማውን ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ወደ ውጪ፣ «ቁልቁለት» ካለሽ ወደ ጠርዙ አዙሪ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቢ፣ ዝም ብለሽ ጠብቂው።